ሳንታ ባርባራን ያለ አስጎብኚ በእግር፦ «ከየት እንጀምር?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ከሎስ አንጀለስ ለአንድ ቀን ወጣ ብላችሁ የሳንታ ባርባራን ስፔን መሰል ሕንፃዎች ማየት ፈልጋችኋል፤ አስጎብኚ ሳንቀጥር በእግር ይሆናል ወይ፣ ከየትስ እንጀምር ነው ያልሽው። ይሆናል፤ እንዲያውም አስጎብኚ ባይኖር ይሻላል፣ እናትሽ ደክሟቸው መቀመጥ ሲፈልጉ የሚያጣድፋቸው ሰው አይኖርም። መሃል ከተማው ትንሽ ነው። «ሬድ ታይል» የሚባለው የታወቀ የእግር መንገድ እንኳ 12 ብሎክ ያህል ብቻ ነው። እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ የማዞረው እዚያው ነው፣ ቅደም ተከተሉን ግን እለውጠዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ከዋናው የስቴት ጎዳና ይጀምርና ነጩን ግድግዳና ቀዩን የሸክላ ክዳን እያየ «ስፔኖች ሠርተውት የሄዱት ከተማ» ብሎ ይመለሳል። አብዛኛው ግን የተሠራው የስፔን አገዛዝ ካሊፎርኒያን ከለቀቀ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ በአሜሪካኖች እጅ ነው። ይህን ሳያውቁ ቢዞሩት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንና በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰለቻል። ስለዚህ መጀመሪያ የእውነት አሮጌ የሆነውን አሳዪያቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው ራሱ ይለየዋል።

አሮጌው ያለው ካኞን ፐርዲዶ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ ፕሬሲዲዮው ጋ ነው። ስፔኖች በ1782 ያቋቋሙት የጦር ሰፈር ነበር። ከዚያ ሁሉ ከተረፉት አንዱ ኤል ኩዋርቴል የሚባል ትንሽ ቤት ነው፤ በ1788 ገደማ የተሠራ፣ የዘበኛ ወታደር ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ። ጡቡ ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው። አክስቴን የወሰድኳት ጊዜ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ይሄማ የእኛው ጭቃ ቤት ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳኸው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መስኮቱ ጋ ቆማችሁ የግድግዳውን ውፍረት እዩ፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ አይደለም፣ ሆዱ ወጣ ገባ ይላል። ይህን በአእምሯችሁ ያዙ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጸሎት ቤት ግን ባለፈው ክፍለ ዘመን በአሮጌው መሠረት ላይ እንደገና የቆመ ነው፤ ገባ ብላችሁ ውጡ።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ተራምዳችሁ ካሳ ዴ ላ ጌራ ትደርሳላችሁ። የሰፈሩ አዛዥ የነበረው ሆሴ ዴ ላ ጌራ በ1820ዎቹ ያስጨረሰው መኖሪያ ነው፤ ግቢውን በሦስት ጎን ከብቦ ረጅም በረንዳ ያለው። ከጎኑ ደግሞ ኤል ፓሴዮ አለ። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚገባው። ኤል ፓሴዮ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ አርክቴክቱ ጄምስ ክሬግ በአሮጌው ቤት ዙሪያ የስፔን መንደር ጎዳና እንዲመስል ብሎ የነደፈው ነው። እሱ በ1922 ሲሞት ባለቤቱ ሜሪ ክሬግ ሥራውን ቀጠለች። ጠባቡ መተላለፊያ፣ ደረጃው፣ ማሰሮው ውስጥ ያለው አበባ፣ ሁሉም ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ያምራል፣ እኔ አልክድም፤ ኩዋርቴሉን ካዩ በኋላ ግን ቲያትር መሆኑ ያስታውቃል።

ታዲያ ከተማው በሙሉ እንዲህ የሆነው እንዴት ነው ብለው እናትሽ መጠየቃቸው አይቀርም። ጁን 29 ቀን 1925፣ ማለዳ ላይ፣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። የስቴት ጎዳና የጡብ ሱቆች ፊታቸው ተንዶ ወደቀ። ጋዙና መብራቱ ወዲያው ስለተዘጋ ሳን ፍራንሲስኮን በ1906 የበላው ዓይነት እሳት አልተነሳም። እንደ ፐርል ቼዝና በርንሃርድ ሆፍማን ያሉ ሰዎች ከተማው የስፔን መልክ ይኑረው እያሉ ቀድሞም ሲወተውቱ ነበር፤ ፍርስራሹ ዕድል ሰጣቸው። የሕንፃ ንድፍ የሚገመግም ቦርድ ተቋቁሞ፣ መልሶ የሚሠራ ሰው ንድፉን እዚያ ማቅረብ ነበረበት። በ1960 ደግሞ መሃሉ በከተማው ደንብ የተጠበቀ ታሪካዊ ክልል ሆነ። የፈጣን ምግብ ቤቱም ባንኩም ዛሬ ቀይ ክዳን ያጠለቀው ለዚህ ነው።

ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታ የካውንቲው ፍርድ ቤት ይሁን፤ በ1929 ያለቀ፣ የአርክቴክቱ ዊሊያም ሙዘር ሥራ። መግቢያው ነፃ ነው። ግራና ቀኙ ሆን ተብሎ አይመሳሰልም፣ እያንዳንዱ ጥግ የየራሱ መስኮትና በረንዳ አለው። ደረጃዎቹ ላይ ቀስ በሉ፤ ግድግዳው ከወገብ በታች በቀለማት ሴራሚክ ተለብጧል፣ ከፊሉ ከቱኒዝያ የመጣ ነው። በትልቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል የሠዓሊው ዳንኤል ግሮዝቤክ ነው፣ የስፔኖቹን መምጣትና የሚሽኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ገዳም) ግንባታ ያሳያል፤ ታሪኩን የሚናገረው ግን ከመጤዎቹ ወገን ሆኖ ነው። የሰዓቱ ማማ ላይ በሊፍት ውጡ፣ ለእናትሽ ጉልበት አትስጊ። ከላይ ክዳኑ፣ ባሕሩና ተራራው በአንድ ጊዜ ይታያል። ከኋላ ያለው ሣር ላይ ምሳ ይበላል። ከሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር ከፌርፋክስ እንጀራና ጥብስ አስጠቅልላችሁ ብትመጡ እዚያ ካለው ምግብ ቤት ሁሉ ይበልጣል፤ ሙሽራም አታጡም፣ የሚጋባው ብዙ ነው።

ሚሽኑ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ነው፣ መንገዱም ትንሽ ዳገት አለው። እናትሽ ከደከሙ እዚህ ላይ ታክሲ ይያዝ። በ1786 ተመሠረተ፤ የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን በ1812ቱ መንቀጥቀጥ ከፈረሰው በኋላ በ1820 ያለቀ ነው። ሁለት ደወል ቤት አለው፣ ፊቱ ላይ ያሉት ዓምዶች የሮም ቤተ መቅደስ ያስመስሉታል። ሙዚየሙ ይከፈልበታል። ነጠላቸውን ይያዙ፣ ካቶሊክም ቢሆን መሳለማቸው አይቀርም። ግንባታው የአገሩ ነባር ሕዝብ የቹማሾች ጉልበት መሆኑን ንገሪያቸው፤ መቃብር ስፍራው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቹማሾች አርፈዋል። በሳን ኒኮላስ ደሴት 18 ዓመት ብቻዋን ኖራ በ1853 ወደዚህ የመጣችውና በሳምንታት ውስጥ የሞተችው ሁዋና ማሪያም እዚያው ናት። ፊት ለፊት ባለው ገንዳ ጫፍ ላይ ከድንጋይ የተጠረበ የአውሬ ራስ አለ፤ የቹማሽ ጠራቢ እጅ ነው፣ ሰው ሁሉ ያልፈዋል።

ሎቤሮ ቲያትር (1924) ፕሬሲዲዮው አጠገብ ስለሆነ በመንገዳችሁ ከውጭ ታዩታላችሁ። አርሊንግተን (1931) ግን ዋናው ነገሩ ውስጡ ነው፤ የስፔን መንደር የሚመስል ግድግዳ፣ ኮከብ ያለው ጣሪያ። ትርኢት ከሌለ ስለማይገባ ለእሱ ብላችሁ አትራመዱ።

መኪና ከመንዳት ባቡር እመርጣለሁ፣ ከቬንቱራ ከተማ በኋላ መንገዱ ባሕር ዳር ዳሩን ነው። የ1902ቱ ጣቢያ ከስቴት ጎዳና ግርጌ ስለሆነ ወደ ላይ እየወጣችሁ ትጀምራላችሁ። የመመለሻውን ትኬት ግን ጠዋቱኑ ግዙ፣ ቅዳሜና እሑድ ይሞላል።