የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ጥንታዊ ነው ወይስ አዲስ?

ወንድሜ፣ ስለ ጀርመኑ ኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ «አንዱ ጥንታዊ ነው፣ ሌላው የ1994 ነው ይላል፤ ኢንጂነሪንግስ አለው ወይ?» ላልከው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1379 የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (የፖፕ) ፈቃድ አግኝቶ በ1392 ተከፈተ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማርቲን ሉተር የተማረው እዚያ ነው። በ1816 ከተማዋን ትገዛ የነበረችው የጀርመን መንግሥት ፕሩሲያ ዘጋችው፤ ከጀርመን ውህደት በኋላ በ1994 እንደገና ተቋቋመ።

ኢንጂነሪንግም ሕክምናም የለውም። እዚያው ከተማ ያለው የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ተቋም ስለሆነ፣ ማመልከቻ ከመላክህ በፊት ስሙን በደንብ አጣራ። የዚህኛው ጥንካሬ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ የመምህራን ትምህርትና ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ባችለሩ ዋናና ንዑስ መስክ አጣምሮ በአብዛኛው በጀርመንኛ ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛ ከፈለግክ የዩኒቨርሲቲው የቪሊ ብራንት ትምህርት ቤት የሁለት ዓመት የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ አለ።

ግዕዝ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ትልቅ ቦታ ነው። በአውሮፓ የግዕዝ ጥናት መሥራች የሚባለው ኢዮብ ሉዶልፍ የኤርፉርት ልጅ ነው፤ ከእሱ ጋር የሠሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በእንግድነት በተቀመጡበት፣ በአቅራቢያዋ የጎታ ከተማ ባለው ቤተ መንግሥት ያለው የምርምር ቤተ መጻሕፍትም ዛሬ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።