የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው?»

ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ለሚባሉት የአንጀት ብግነት ሕመሞች መድኃኒት ከሚወስዱ አንባቢያን ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አብዛኞቹ ስሜቱን በደንብ ይገልጻሉ፤ የጀመረበትን ቀን ግን አይጽፉም። የእነዚህ መድኃኒቶች ጉዳት ደግሞ የየራሱ ጊዜ አለው፤ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው በወሩ፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ቀናቸውን የጻፉልንን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ አራት ሳምንት ሆነኝ። ደሙም ተቅማጡም ቆሟል። ነገር ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ፊቴ አብጧል፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ስለተሻለኝ ዛሬ ባቆመውስ?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ አያቁሙት። ሰውነት ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በአድሬናል ዕጢው በየቀኑ ያመርታል። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ሆርሞን አምሳያ ስለሆነ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ዕጢው ሥራውን እየተወ ይሄዳል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ዕጢው ገና አልነቃም፤ ብርቱ ድካም፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ይከተላል። የተለመደው አወራረድ በየሳምንቱ 5 ሚሊ ግራም መቀነስ ነው፤ ከ40 ተነስቶ እስኪያልቅ 8 ሳምንት ይፈጃል። እርስዎ አራቱን ሳምንት በ40 ከቆዩ መቀነሱ የሚጀመርበትን ቀን አሁኑኑ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ «ተመለስ» የተባለበት ቀን ይረሳና ሰው በሙሉ መጠን ወራት ይቆያል። መጠኑ ሲወርድ ደሙ ከተመለሰ ያ በሽታው ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ለዘለቄታ የሚወሰድ ስላልሆነ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል ማለት ነው።

እንቅልፉን በተመለከተ፦ የቀኑን መጠን በሙሉ ጠዋት ከቁርስ በኋላ በአንድ ጊዜ ይውሰዱ። ግማሹን ማታ የሚወስዱ ከሆነ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ነው። የፊት እብጠቱ መጠኑ ከወረደ በኋላ በሳምንታትና በወራት ይጠፋል። ቁጣውንም ቤተሰብ ከመድኃኒቱ መሆኑን ይወቅ፤ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ለነገ አይባልም። ውኃ ጥም ከበዛና ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣ ስኳርዎን ይለኩ። አጥንት መሳሳት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን ከ800 እስከ 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይታሰባል። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ጨጓራን ያቆስላሉ፣ የአንጀቱንም ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል። ክኒኑን የሚያስመልስዎ ከሆነም አንድ ቀን እንኳ ዘለልኩ ብለው አይተዉት፤ በመርፌ መተካት ስላለበት ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አዛታዮፕሪን ከጀመርኩ 18 ቀኔ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያቅለሸልሸኛል። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባዬ የሚወጋኝ ሕመም መጣ። በየሁለት ሳምንቱ ለምርመራ ደም ስጥ መባሌስ ግድ ነው?

መልስ፦ ሁለቱን ስሜቶች ይለዩዋቸው። ከመጀመሪያው ቀን የጀመረው ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ከምግብ በኋላ ወይም በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ፣ ወይም ለሁለት ሲከፈል ይቀላል። ካልቀለለም ወደ መርካፕቶፑሪን መቀየር ብዙዎችን ያሳርፋል።

የትናንቱ ሕመም ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ገደማ የሚመጣና ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም የቆሽት ብግነት ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ክኒን አይውሰዱ፤ ዛሬውኑ ሄደው ላይፔዝ የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ቆሽት መሆኑ ከተረጋገጠ አዛታዮፕሪን ዳግም አይሞከርም፤ መርካፕቶፑሪንም የዚያው ቤተሰብ ስለሆነ በአብዛኛው ይቀራል።

ስለ ደሙ፦ አዎ፣ ምርመራው ግድ ነው፤ እየቆየ ግን ይራራቃል። መድኃኒቱን ከሚያከሽፉት ኢንዛይሞች አንዱ ቲፒኤምቲ ይባላል። ከጥቂት መቶ ሰዎች አንዱ ይህ ኢንዛይም ጨርሶ የለውም፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን የእሱን መቅኔ ያደርቀዋል። ኢንዛይሙ ተለክቶ ደህና ቢባልም ነጭ የደም ሴል በሌላ ምክንያት ሊወርድ ይችላል። ሲወርድ ደግሞ አያምም፣ አያሳክክም። የሚታወቀው በምርመራ ወይም ዘግይቶ በትኩሳት፣ በጉሮሮና በአፍ ቁስለት፣ ያለ ምክንያት በሚመጣ የቆዳ መበለዝ ነው። ስለዚህ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ የደም ሴልና የጉበት ምርመራ ይደረጋል። የቀይ የደም ሴል ግዝፈት ከፍ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ መሆኑን ያሳያል።

ሳይጠየቅ የምንጨምረው አንድ አለ። ሌላ ሐኪም ለሪህ አሎፑሪኖል ካዘዘልዎ አዛታዮፕሪን እንደሚወስዱ ይናገሩ። አሎፑሪኖል የአዛታዮፕሪንን መውጫ ስለሚዘጋ መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ካልወረደ መቅኔን ይጎዳል። ለዚህ መድኃኒት ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዚህ ዓይነት መረሳት ነው። ለዓመታት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከብርቱ ፀሐይ ይከለል፤ የቆዳ ካንሰር ዕድልን ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ሰልፋሳላዚን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሽንቴ ብርቱካናማ ነው። ባለቤቴም እስካሁን አላረገዘችም፤ ይገናኛሉ?

መልስ፦ ቀለሙ ጉዳት የለውም፤ የመድኃኒቱ የራሱ ቀለም ነው። ሁለተኛው ግን ሊገናኝ ይችላል። ሰልፋሳላዚን የወንድ ዘር ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ ሲቆም በሁለትና በሦስት ወር ይመለሳል። በሜሳላዚን መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይህ ጉዳት እሱ ላይ አይታይም። ባለቤትዎ በበኩላቸው መመርመራቸው አይቅር። እስከዚያ ሰልፋሳላዚኑን ከቀጠሉ ፎሊክ አሲድ እንዲታዘዝልዎ ያሳስቡ፤ መድኃኒቱ የፎሌትን (ፎሊክ አሲድ የሚተካውን ቫይታሚን) ወደ ሰውነት መግባት ያውካል።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ሜሳላዚን ከጀመረች በ10ኛው ቀን ተቅማጡና ደሙ ባሰባት፣ ትኩሳትም አላት። መጠኑ ይጨመርላት?

መልስ፦ አይጨመር፤ በዛሬው ቀን ለሐኪሟ ይንገሩ። ጥቂት ሰዎች ላይ ሜሳላዚን ራሱ በሽታውን የሚመስል ነገር ያመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቅማጥ፣ ደም፣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ይታያል። ሲቋረጥ በቀናት ይሻላል፤ እንደገና ሲጀመር ይመለሳል። መጠን መጨመር እሳቱን ማራገብ ነው። ኢንፌክሽን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ሰገራዋም ይመርመር። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ አልፎ አልፎ የልብ ሽፋንን ያስቆጣል። ሜሳላዚን ተስማምቷቸው የሚቀጥሉ ሰዎችም ኩላሊታቸውን ከመጀመሩ በፊት፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ያስለኩ።

ጥያቄ፦ አዳሊሙማብ በየሁለት ሳምንቱ ራሴን እወጋለሁ። ቦታው ይቀላል፣ ያሳክካል። ትንሽ ትኩሳት ባለኝ ቀንስ ልውጋ?

መልስ፦ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው የተወጋ ያቃጥላል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ያቆዩት፤ በሙቅ ውኃ አያሙቁት። ጭንና ሆድን እያፈራረቁ ይውጉ። በጥቂት ቀን የሚጠፋ መቅላት አያሳስብም፤ መላ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ችግር ግን ድንገተኛ ነው። ትኩሳት ባለዎት ቀን አይውጉ፤ አስቀድመው ይደውሉ። መድኃኒቱ ሰውነት የተኛ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን አጥሮ የያዘበትን ግድግዳ ያላላል። ስለዚህ በፊት ተመርምረው ነጻ ቢባሉም የማይለቅ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሲመጡ ዳግም ይመርመሩ። አልማዝ ባለጭራ የሚመስል ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ካዩም ፈጥነው ይታዩ። ሕያው ክትባት (የተዳከመ ግን ያልሞተ ተሕዋስ ያለበት)፣ ለምሳሌ የቢጫ ወባ፣ አይከተቡ።

ጥያቄ፦ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን በስህተት ሁለት ቀን ተከታታይ ወሰድኩ።

መልስ፦ ምንም ባይሰማዎት ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። ክኒኑ በ2.5ም በ10 ሚሊ ግራምም ይሠራል፤ ስድስት ባለ2.5 የለመደ ሰው ስድስት ባለ10 ከዋጠ 15 የነበረው 60 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህን ነው። የሚቀጥለውን ሳምንት መጠን እነሱ ሳይፈቅዱ አይውሰዱ።