ልጄ «በዓይኑ ነው የሚማረው» ተባልኩ፤ ንባቡን ላስተወው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሳይንስ ሲያጠና ሥዕሎቹን ቶሎ ቶሎ ያይና «ገባኝ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። አንድ ገጽ አንብብ ስለው ይነጫነጫል። መምህሩ ጠርተውኝ «ልጅዎ የሚማረው በዓይኑ ነው፤ በንባብ አያስጨንቁት፤ ሥዕልና ቪዲዮ ይበቃዋል» አሉኝ። እኔ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ነኝ። ካላነበብኩ አይገባኝም። ግራፍ ሳይ ግራ ይገባኛል። ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ፊት ላስብ ብል እንኳ ምንም አይታየኝም። ይህ ጤነኛነት ነው? ልጄንስ ንባብ ላስተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ንባቡን አያስተዉት።

መምህሩ በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም። «አንዱ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው ይማራል» የሚለውን እኔም ሒሳብ ሳስተምር ለዓመታት ደጋግሜ ብያለሁ። ሰው ምርጫ እንዳለው እውነት ነው። ጥያቄው ግን ሥዕል የሚወደውን ልጅ በሥዕል ብቻ ብናስተምረው የተሻለ ያውቃል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኙም። መውደድና መረዳት ለየቅል ናቸው።

ልዩነቱን በልጁ ውስጥ ከምንፈልገው በሚማረው ነገር ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል። ይህን ይሞክሩ። ከበደ ከአልማዝ ይረዝማል። ሰለሞን ከአልማዝ ያጥራል። ሙሉ ከከበደ ትረዝማለች። ከሁሉም አጭሩ ማን ነው? በቃል ብቻ ከያዙት ወደኋላ እየተመለሱ ማሰብዎ አይቀርም። አራቱን በአንድ ቁም መስመር ላይ ከላይ ወደ ታች ቢደረድሯቸው ግን ሰለሞን ታች ቁጭ ብሎ ይታያል። ቃል ነገሩን ተራ በተራ ነው የሚሰጠን። ሥዕል ሁሉንም አንዴ ይዘረጋዋል። ለቦታ፣ ለቅርጽ፣ ለንጽጽር ሥዕልን የሚያህል የለም።

አሁን ደግሞ ልጅዎ «ካልዘነበ ሜዳ ላይ እንጫወታለን» የሚለውን ይሳልልዎ። ዝናብ ስሎ በላዩ ላይ ኤክስ ያደርግ ይሆናል። ያ ኤክስ ምን ማለት ነው? አልዘነበም? አይዘንብም? ዝናብ ክልክል ነው? «ካል»ን፣ «ስለዚህ»ን፣ «ምናልባት»ን የሚስል እርሳስ የለም። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ናቸው ሳይንስን ሳይንስ ያደረጉት። ልጅዎን ከንባብ ብናርቀው የምንነጥቀው እነዚህን ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ጎዶሎ ቁጥሮችን ከ1 ጀምረን በተራ ስንደምር 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ ይሄዳል። ሁሉም አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኙ ናቸው። ለምን? አንዲት ልጅ ምንም ሳትጽፍ ነጥቦች ብቻ ስላ ሰጠችኝ። «ማብራሪያ የለውም» ብዬ ዜሮ ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ክፍል ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስሠራ፣ እጄ ሳላስበው ነጥብ መሳል ጀመረ። አንድ ነጥብ። በጎኑና በላዩ ሦስት ነጥብ ስጨምር ካሬ ሆነ። በዚያ ዙሪያ አምስት ስጨምር ትልቅ ካሬ። ልጅቷ የሰጠችኝ መልሱን ከነምክንያቱ ነበር።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ውጤቷንም አስተካከልኩ። ከዚያ ግን «የሳልሽው እስከ 7 ድረስ ነው፤ ለ101ስ በምን አወቅሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ወረቀቷን ረጅም ጊዜ አየች። «በእያንዳንዱ ዙር ሁለቱም ጎኖች በአንድ አንድ ነጥብ ይረዝማሉ። ስለዚህ የሚጨመረው ሁልጊዜ ከቀደመው በሁለት ይበልጣል። ካሬው መቼም አይበላሽም» አለችኝ። «ሁልጊዜ» እና «መቼም» በነጥቦቹ ውስጥ አልነበሩም። በቃል ስትናገረው ነው የመጡት። ያለ ነጥቦቹ ደግሞ የምትናገረው ባልኖራት።

አለን ፓይቪዮ የተባለ የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሚመስል ሐሳብ አስፍሯል። አእምሯችን ቃልንና ምስልን የሚይዝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የተለያዩ ቢሆኑም ይገናኛሉ። አንድ ነገር በሁለቱም ከተያዘ ለማስታወስ ይቀላል።

ስለ እርስዎ፦ አይስጉ። እ.ኤ.አ. በ1880 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ሰዎች የዕለቱን የቁርስ ጠረጴዛቸውን በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠየቀ። አንዳንዶቹ ቁልጭ ብሎ ታያቸው፤ አንዳንዶቹ ምንም አላዩም። እ.ኤ.አ. በ2015 የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ይህን በሐሳብ ምንም አለማየት አፋንታዥያ ብለው ሰየሙት። በሽታ አይደለም። የእናትዎን ፊት ባያዩም እናትዎን ያውቋታል። ግራፍ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግራፍ ይነበባል፣ ማንበቡንም ሰው ይለምደዋል። መጀመሪያ አግድሙ ምን እንደሚለካ፣ ቀጥሎ ቁሙ ምን እንደሚለካ ይዩ። ከዚያ «ይህ ሲጨምር ያኛው ይቀንሳል» ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለእርስዎ መግቢያው በር ይኸው ነው።

ለልጅዎ ግን በሌላኛው በር ይግቡ። እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ገባኝ» የሚለው ነው። ሥዕል ቶሎ ስለሚታይ ቶሎ የገባን ይመስለናል። የልብና የደም ዝውውር ሥዕልን ያስቡ። በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ልጅ ሰማያዊ ደም አለ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ኦክስጅን ያነሰው ደምም ቀይ ነው፤ ጠቆር ይላል እንጂ። ሰማያዊው ለመለያ የተቀባ ቀለም መሆኑን የሚናገሩት ቃላት ናቸው።

እንግዲህ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሥዕሉን ይየው። መጽሐፉን ዘግቶ ደሙ የሚሄድበትን መንገድ ይሳልልዎ። በደንብ ከሳለው ያመስግኑት፤ ይህ ችሎታው እውነተኛ ነው። ከዚያ «ታዲያ ደማችን በእውነት ሰማያዊ ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን አይንገሩት። መጽሐፉን አጠገቡ ይተዉለት።