ፖርተር ልጠምቅ ላልሽው እህት፦ ቆርኪውን ከመግጠምሽ በፊት

ሰላም እህቴ።

«እንግሊዝ አገር ነው ያለሁት። ፖርተር የሚባለውን ጥቁር ቢራ ቤቴ ልጠምቅ አስቤያለሁ። ጠላ ስጠምቅ ስላደግሁ ይከብደኛል ብዬ አላስብም። ከምን ልጀምር?» ብለሽ ነበር። ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አየኋቸው። አንዱ «ሱቅ ሞልቶ የለ ወይ፣ ገዝተሽ ጠጪ» አለሽ። ሌላው ጠላ ተዋረደ ብሎ ተቆጣ። የጠየቅሽውን የመለሰልሽ የለም።

እኔ ለንደን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ፖርተር መጥመቅ ከጀመርኩ ደግሞ ስድስት። ዛሬ የማኅበር ቀን ሲደርስ «ያን ጥቁሩን ይዘህ ና» የምባል ሰው ነኝ። እዚህ ለመድረስ ግን 780 ፓውንድ ከስሬያለሁ። አንቺ እንዳትከስሪ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

መነሻውን እዘለዋለሁ። ብቅል ምን እንደሆነ ለአንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የምትኖሪው ኪራይ ቤት ነው፣ ወለሉም ምንጣፍ ነው ብዬ ነው የማወራሽ። እዚህ አገር ሌላ ምን አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

1. ቡናማ ብቅል አታብዢ።

ስታነቢ «የጥንቱ ፖርተር ከቡናማ ብቅል ብቻ ነበር የሚሠራው» የሚል ያጋጥምሻል። ልክ ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ሲጀመር፣ በእንጨት እሳት ከደረቀ ቡናማ ብቅል ነበር የሚጠመቀው። ስሙን ያገኘው ከጠጪዎቹ ነው። ፖርተር ማለት ተሸካሚ ነው፤ መርካቶ ኩሊ የምንለው። በቴምዝ ወንዝ ዳርና በየመንገዱ ሸክም ሲያመላልሱ የሚውሉት ሰዎች ነበሩ የሚጠጡት። ሆድ ይይዛል፣ ጉልበት ይሰጣል ይሉት ነበር። ጠላም እኮ የደቦ መጠጥ ነው። ለሚያጭድና ለሚወቃ ሰው ነው የሚቀዳው።

እኔ ታዲያ ይህን አንብቤ 5 ኪሎ ቡናማ ብቅል ብቻ ገዛሁ። የጥንቱን እሠራለሁ ብዬ። የዛሬው ቡናማ ብቅል የያኔው እንዳልሆነ የነገረኝ የለም። አሁን በደንብ ስለሚቆላ፣ እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኃይል ውስጡ ሞቷል። ጠላ ስትጠምቂ እንኩሮውን ያለ ብቅል ብትጥዪው ምን ይሆናል? የኔም እንደዚያው ሆነ። የተቃጠለ ሽታ ያለው ሙቅ ሠርቼ ደፋሁት።

ለ20 ሊትር እኔ የምጠቀመው ይኸው፦ 3 ኪሎ ተኩል ማሪስ ኦተር የሚባለው ነጣ ያለ ብቅል፣ 600 ግራም ቡናማ፣ 300 ግራም ክሪስታል፣ 150 ግራም ቸኮሌት ብቅል። ቸኮሌት የተባለው ለቀለሙ ነው እንጂ ቸኮሌት የለበትም። የተፈጨውን 67 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ታቆዪዋለሽ። ከዚያ አጥልለሽ በ50 ግራም ፈግልስ ሆፕስ (ምሬት የሚሰጠው የፈረንጆቹ ጌሾ በይው) አንድ ሰዓት ታፈይዋለሽ። ሲበርድ እርሾ። ውሃውን አታጣሪ። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ለጥቁር ብቅል ጥሩ ነው፤ የተቆላውን ኮምጣጣነት ያስታርቀዋል። ለንደን ፖርተር የወጣላት ውሃዋም ስለተስማማ ነው።

2. ጣዕሙን ቀድመሽ እወቂ።

ብዙ ሐበሻ ጥቁር ቢራ ሲባል የሚያስበው አገር ቤት ሐረር ቢራ ይሠራው የነበረውን ሐኪም ስታውት ነው። ስታውት የፖርተር ልጅ ነው። ቃሉ ጠንካራ ማለት ሲሆን፣ ወፈር ያለው ፖርተር «ስታውት ፖርተር» ይባል ነበር። በኋላ አባትየው ተረሳ። ጊነስ ራሱ በ1970ዎቹ ፖርተሩን አቁሞ ስታውቱን ብቻ ይዞ ቀረ። ሌሎች ጠማቂዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው እንደገና ያነሡት።

ስለዚህ ከመጥመቅሽ በፊት ሁለት ጠርሙስ ገዝተሽ ቅመሺ። የፉለርስ ለንደን ፖርተር ጥሩ መነሻ ነው። 5.4 በመቶ ነው። በረዶ አታድርጊው። ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። መጀመሪያ የሚመጣው የዳቦ ቅርፊት ነው። ቀጥሎ ቡና ተቆልቶ ወደ አፍንጫ ሲቀርብ ያለው ጭስ። መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ የምትቀር መራራ ነገር። የጥንቱ ግን ከዚህም ሌላ ነበር። በትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ለወራት ስለሚቀመጥ ኮምጠጥ ይል ነበር። ያን ጣዕም የሚያመጣውን የእርሾ ዓይነት በ1904 የለየው ካርልስበርግ ውስጥ ይሠራ የነበረ ዴንማርካዊ ነው። ብሬታኖማይሲስ አለው፤ የብሪታንያ ፈንገስ እንደማለት። የቆየ ጋን የራሱ ጣዕም እንዳለው አስቢው።

ጌሾ ይሆናል ወይ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ሞክሬዋለሁ። ምሬት ይሰጣል፣ ይጠጣልም። ፖርተር ግን አይሆንም። አገር ቤት ስሄድ ሁለት ጠርሙስ የሆፕሱን ይዤ ሄጄ ነበር። እናቴ አሸተተች፣ ቀመሰች፣ «ጥሩ ነው። ግን ማነው ያሳረረው?» አለች።

3. ሃይድሮሜትር ግዢ። ብቅል ከመግዛትሽ በፊት።

ሃይድሮሜትር ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚለካ ብርጭቆ ነው። ንጹህ ውሃ 1.000 ነው፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። እናቴ ደብረ ማርቆስ ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ነበረች። የጠላውን መድረስ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ጋኑ ላይ ትደፋና «ገና እያወራ ነው» ትላለች። ዝም ሲል ይቀዳል። እኔም ባልዲው ላይ ጆሮዬን ደፋሁ። መጋቢት ነበር። ማሞቂያ ለመቆጠብ ሌሊት እናጠፋለን። በስድስተኛው ቀን ዝም አለ። ደርሷል አልኩ። አረፋ እንዲይዝ በሊትር 5 ግራም ስኳር ጨምሬ 40 ጠርሙስ ሞላሁ። ቆርኪ ገጠምኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርኩት። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። «ወንድ ልጅ ጠማቂ» ብላ ሳቀችብኝ።

ጸጥ ያለው ስለጨረሰ አልነበረም። እርሾው በርዶት ተኝቶ ነው። ሲነቃ ስኳሩን እየበላ ጋዝ ያወጣል። ጋን ቢሆን ችግር የለውም፤ ጋን ይተነፍሳል። ቆርኪ የተመታበት ጠርሙስ ግን የትም አይተነፍስም። በኋላ ከተረፉት አንዱን ከፍቼ ስለካው 1.024 ነበር። መውረድ የነበረበት ወደ 1.014 ነው። ቢያንስ በሊትር 20 ግራም የሚሆን ያልተበላ ስኳር ቆልፌበታለሁ ማለት ነው፣ እኔ ከጨመርኩት 5 ግራም ሌላ።

ሰኔ ላይ ሙቀት መጣ። አንድ ማታ ከቁም ሳጥኑ «ጡብ» የሚል ተሰማ። ባለቤቴ «ምንድነው?» አለች። «አንዷ ጠርሙስ ደካማ ሆና ነው፣ ምንም አይደለም» አልኳት።

የሚከተለውን ታሪክ በኋላ ሳነብ ነው በዚህ መልሴ ያፈርኩት። ኦክቶበር 17 ቀን 1814፣ ለንደን ቶተንሃም ኮርት ሮድ ላይ የሚዩክስ ፖርተር መጥመቂያ ነበር። ዛሬ ዶሚኒየን ቲያትር ያለበት ቦታ ነው። ቁመቱ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ የእንጨት በርሜል ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ በርሜሉን ከሚያጠብቁት የብረት ቀለበቶች አንዱ ወለቀ። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቀለበት ነው። የመጋዘኑ ሰው ለአለቃው ነገረ። ቀለበት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይወልቅ ስለነበር ምንም ጉዳት አያመጣም ተባለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በርሜሉ ፈነዳ። ጎኑ ያሉትንም ይዞ ሄደ። ፖርተሩ ግድግዳ ጥሶ የድሆች ሰፈር ላይ ወረደ። 8 ሰው ሞተ፣ ሁሉም ሴቶችና ልጆች። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ የሞተ ሕፃን ልጅ ለቅሶ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ፍርዱ «አጋጣሚ ነው» ሆነ፤ ማንም አልተጠየቀም።

የኔ ቤት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጎዳው ምንጣፍ ብቻ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተከታትሎ ፈነዳ። 17 ጠርሙስ። ባለቤቴ ልጁን አቅፋ መታጠቢያ ቤት ገባች። የብርጭቆ ስባሪ የቁም ሳጥኑን በር በስቶት ወጥቷል። ስምንት ሊትር ተኩል ፖርተር ክሬም ቀለም ባለው ምንጣፍ ገብቶ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ካርታ ሣለ።

ከዚያ የቤት አከራይ ኤጀንቱ መጣ። ልጅ ነው፣ ሱፍ ለብሷል። አፍንጫውን ያዘና «የፍሳሽ ቱቦ ነው?» አለ። ቢራ ነው አልኩት። ሊያየኝ እንኳ አልፈለገም። ስንወጣ የላኩልን ሪፖርት ላይ «ፍሳሽ የመሰለ ቆሻሻ» ብለው ጻፉ። እህቴ፣ ገንዘቡን እረሳለሁ፣ ይህችን ቃል አልረሳም። የተበላሸው አንድ ሜትር የማይሞላ ቦታ ነው። እነሱ የሙሉ ክፍሉን ምንጣፍና የታችኛውን ጣሪያ ቀለም አስከፍለው ለቤቱ ካስያዝነው ዲፖዚት 1,080 ፓውንድ ቆረጡ። ሦስት ኢሜይል ጻፍኩ። ሦስቱም ጊዜ የአቤቱታ ቁጥር ተሰጠኝ፣ መልስ የለም። መጨረሻ ላይ ዲፖዚቱ የተቀመጠበት የክርክር አገልግሎት አለ፤ እዚያ ስገባ የምንጣፉን ዕድሜ ቆጥረው 300 መለሱልኝ። ቤት ስትገቢ ምንጣፉን ፎቶ አንሺ። አሮጌ መሆኑን ያስመሰከረልኝ የገባሁ ቀን ያነሣሁት ፎቶ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ዕቃ የጥቂት ፓውንድ ብርጭቆ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ፖርተርን ራሱን የለወጠው ይኸው ብርጭቆ መሆኑ ነው። ጆን ሪቻርድሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1784 ስለ ሃይድሮሜትር አጠቃቀም ለጠማቂዎች ጻፈ። ሲለኩ ቡናማው ብቅል ለዋጋው የሚሰጠው ስኳር ከነጣው ያነሰ ሆኖ አገኙት። ነጋዴ ናቸው፣ ወደ ነጣው ዞሩ። ቀለሙ ጠፋ። ያን ለመተካት ዳንኤል ዊለር በ1817 ብቅል እንደ ቡና እየዞረ የሚቆላበት ከበሮ መሣሪያ የባለቤትነት መብት አወጣበት። የዛሬው ጥቁር ብቅል ከዚያ ነው የመጣው። እኔ 200 ዓመት ዘግይቼ በጆሮ እለካለሁ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። እርሾ ከመግባቱ በፊት እለካለሁ፣ 1.050 አካባቢ ይሆናል። 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አልነካውም። ከዚያ ሦስት ቀን ተከታትዬ እለካለሁ። ናሙናው ክፍሉን ያህል ሲሞቅ ብቻ፤ ትኩስ ሆኖ ብትለኪው ይዋሽሻል። ሦስቱም ቀን አንድ ቁጥር ከሆነና 1.014 አካባቢ ከሆነ ስኳሩን ጨምሬ እሞላለሁ። የቢራ ጠርሙስ ብቻ። የውሃና የጁስ ጠርሙስ ስስ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ገንዳው ተያዘ ብላ ታጉረመርማለች። ታጉረምርም። ሃይድሮሜትሩን ሁለት ግዢ፣ አንዱን ስታጥቢ ትሰብሪዋለሽ።

አንድ ነገር ረሳሁ? አዎ፣ ሽያጭ። ማኅበር ላይ «በጠርሙስ ሦስት ፓውንድ እንግዛሽ» ይሉሻል። ለራስሽና ለእንግዳ መጥመቅ ከ1963 ጀምሮ ፈቃድ አያስፈልገውም። መሸጥ ከጀመርሽ ግን ቀረጥና ምዝገባ አለው። ጣጣ ነው። በነፃ ስጪና ባዶውን ጠርሙስ መልሱ በያቸው። አይመልሱም፣ ያም ሌላ ጉድ ነው።

ጠምቀሽ ስትጨርሺ የመጀመሪያውንና የሁለት ሳምንቱን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ። 1.020 ላይ ቆሞ እምቢ ካለሽ አትደንግጪ። ባልዲውን ሞቅ ወዳለ ክፍል ወስደሽ ቀስ ብለሽ አወዛውዢው፣ አራት አምስት ቀን ጠብቂ፣ እንደገና ለኪ። ቆርኪ አትንኪ።