«ጨጓራ ነው» እየተባለ የሚታለፈው፦ ስለ ጨጓራ ካንሰር ጥያቄና መልስ

ስለ ጨጓራ ካንሰር የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ነው የመጣው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ብዙውን የሥራ ሰዓቴን የማሳልፈው ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ጨጓራን ማየት) ክፍል ውስጥ ነው። የማንኛችሁንም ሙሉ ምርመራ አላየሁም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንዲገባችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ዶክተር፣ ጨጓራ አለብህ ከተባልኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ኦሜፕራዞል ስወስድ ይሻለኛል፣ ሳቆም ይመለሳል። ካንሰር ሆኖብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለ6 ዓመት እየሄደ እየመጣ የቆየ፣ ክብደትህን ያልቀነሰ ሕመም ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። እኛ አገር «ጨጓራ» የምንለው ቃሩም፣ ቁስለቱም፣ የጨጓራ መቆጣቱም፣ የሆድ መነፋቱም ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ አዲስ ነገር ሲመጣ «ያው ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ ለውጡን ተከታተል። ሳትፈልግ ክብደትህ ከቀነሰ፣ ትንሽ በልተህ ቶሎ ከጠገብክ፣ ምግብ ሲወርድ ከያዘህ፣ ማስመለስ ከደጋገመህ፣ ደም ማነስ ከተገኘብህ፣ ወይም ዓይነ ምድርህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒት መቀያየሩን ተውና ኢንዶስኮፒ ተነሣ። (የደም ማነስ እንክብል የሚወስድ ሰውም ዓይነ ምድሩ ይጠቁራል፤ እሱን ለሐኪምህ ንገር።) ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ጨጓራውን አሞት የማያውቅ ሰው ድንገት ሲጀምረውም እንደዚሁ ነው።

አንድ ታማሚዬን አልረሳቸውም። ሊመረመሩ ሲተኙ ቀበቶአቸውን ፈቱ። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። «መቼ በሷቸው?» ስላቸው «አንዱን ለፋሲካ፣ አንዱን በክረምት፣ ይሄኛውን ባለፈው ሳምንት» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል እየገዙ ይውጡ ነበር። መድኃኒቱ አሲዱን ስለሚቀንስ ካንሰር ያቆሰለውን ሥፍራ እንኳ ለጊዜው ሊያደርቀው ይችላል። ሕመሙ ጋብ ይላል፤ በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከዱባይ)፦ ኤች ፓይሎሪ ተገኘብኝ። ካንሰር ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ይህንን ነው። መልሱ «አዎ፣ ግን በጣም በጥቂቶች ላይ» ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ አለበት። ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ወደ ካንሰር የሚያመሩት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ናቸው። መንገዱም ረጅም ነው። መጀመሪያ ጨጓራው ይቆጣል፤ ዓመታት ሲያልፉ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ከዚያ የጨጓራው ሽፋን የአንጀት ሽፋን መምሰል ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሴሎቹ መልካቸውን ይቀይራሉ። ይህ ሁሉ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ባክቴሪያውን ቀድሞ ማጥፋት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላንሳው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያምን ሐኪም እምብዛም አልነበረም። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል የሚሰማው ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያስመልሰው ጀመር፤ ጨጓራው ሲታይም ተቆጥቷል። እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ ባክቴሪያውን በ1994 ካንሰር አምጪ ተብለው በተረጋገጡት ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ነው። በ5ኛው ቀን ሲሻላችሁ አታቁሙት፤ ያቆመ ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት ያለማምደዋል። ከጨረሳችሁ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱን በዓይነ ምድር ወይም በትንፋሽ ምርመራ አረጋግጡ። ከምርመራው በፊት 2 ሳምንት ኦሜፕራዞል ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ይላል። የደሙን ምርመራ ለዚህ አትጠቀሙበት። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በርበሬና ቡና ያመጡታል?

መልስ፦ ቡና አያመጣም። በርበሬ የታመመ ጨጓራ ያቃጥላል እንጂ ካንሰር ያመጣል የሚያስብል በቂ ማስረጃ የለም። በደንብ የሚታወቁት ሲጋራ፣ በጨው ተቀምጦ የሚቆይ ምግብ ማዘውተርና ብዙ አልኮል ናቸው። አልፎ አልፎ ቋንጣ ፍርፍር የሚበላ ሰው አይጨነቅ።

ጥያቄ፦ ኢንዶስኮፒ በጣም እፈራለሁ። ያማል?

መልስ፦ ይረብሻል እንጂ ብዙ አያምም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ጾመሽ ትመጫለሽ። ጉሮሮሽ ማደንዘዣ ይረጫል፤ የሚያስተኛ መርፌም ካለ ይሰጥሻል። በግራ ጎንሽ ትተኛለሽ፤ ከጣት የቀጠነ ቱቦ በአፍሽ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አፍንጫሽ ክፍት ስለሆነ መተንፈስ ትችያለሽ፤ ነርሷ አጠገብሽ ሆና «በአፍንጫሽ ሳቢ» የምትልሽ ለዚህ ነው።

የሚያጠራጥር ቁስል ካየን ከጠርዙም ከመሃሉም 6 እና ከዚያ በላይ ናሙና እንወስዳለን። እያንዳንዱ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነው፤ ሲቆረጥም አይሰማሽም። ፎርማሊን ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጠብ ብሎ ይገባና ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል) ይሄዳል። ያለ ናሙና «ካንሰር ነው» ማለትም «አይደለም» ማለትም አይቻልም። አንድ ናሙና ብቻ ተወስዶ ነጻ ቢባልና ቁስሉ ባይድን እንደገና መታየት አለበት።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አባቴ 64 ዓመቱ ነው፣ ደሴ ይኖራል። የናሙናው ውጤት «አዴኖካርሲኖማ፣ ሲግኔት ሪንግ ሴል» ይላል። ወንድሞቼ «እንዳትነግሩት፣ ሲሰማ ይሞታል» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ወረቀቱን ላስረዳሽ። አዴኖካርሲኖማ ማለት ከጨጓራው ሽፋን እጢዎች የተነሣ ካንሰር ነው፤ ከ10 የጨጓራ ካንሰሮች 9ኙ ይህ ናቸው። «ሲግኔት ሪንግ» የተባለው ሴሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማኅተም ቀለበት ስለሚመስል ነው። ይህ ዓይነቱ እብጠት ሳይሠራ በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ተበታትኖ የመሄድ ጠባይ አለው። ከባድ ነው፤ አልሸሽግሽም። ነገር ግን ወረቀቱ የካንሰሩን ዓይነት እንጂ የት እንደደረሰ አይናገርም። እሱን የሚነግራችሁ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ነው። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሆድ ዕቃውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሲቲ የማያሳየው ጥቃቅን የካንሰር ፍንጣሪ እዚያ ሊገኝ ይችላልና። ይህ ሳይሠራ «በቃ፣ አልቆለታል» የሚል ካለ አትስሚው።

ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ። ፍቅራቸው ነው እንዲህ የሚያስብላቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ቤተሰቦቼ አክስቴን «ጨጓራ ነው» ብለው ደብቀዋታል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሲጀመርላት ፀጉሯ ረገፈ። ያኔ ገባት፤ ግን ማንንም አልጠየቀችም። እኛም እሷም እያወቅን፣ የማናውቅ መስለን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። ያልከፈለው ዕዳ፣ ያልተናዘዘው ቃል፣ ሊያየው የሚፈልገው ልጅ ያለው ሰው እውነቱን ሲነፈግ ምን እንደሚያጣ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

አባትሽ ሕክምናውን የሚቀበለው በገዛ ሰውነቱ ነው። ሐኪሙ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቀው። «ለልጆቼ ንገሩ» ካለ ምርጫው ነው። «ንገሩኝ» ካለ ደግሞ በዝግታ፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይነገረው። እኔ እስከ ዛሬ በእርጋታ ተነግሮት በመስማቱ ብቻ የሞተ ሰው አላየሁም።

ጥያቄ፦ የጨጓራ ካንሰር የያዘው ሰው ምን ያህል ጊዜ ይኖራል? እባክዎ እውነቱን ይንገሩን።

መልስ፦ እውነቱ በደረጃው ይወሰናል። የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ የሚያሳየው እንዲህ ነው፦ ከጨጓራው ሳይወጣ ከተያዙት 100 ሰዎች 75 ያህሉ 5 ዓመት ይሻገራሉ። አጠገብ ወዳሉት የሊምፍ እጢዎች ከደረሰ ከ3 ሰዎች 1 ገደማ። ጉበት፣ ሳንባ ወይም የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ከተሠራጨ ከ100 ሰዎች ከ10 ያነሱት። ይህ የብዙ ሰው ድምር ነው። የአንድን ሰው ዕድሜ ቆጥሮ የሚነግር ሐኪም የለም።

ደቡብ ኮሪያ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየ2 ዓመቱ ሰው ሁሉ እንዲታይ ታደርጋለች፤ ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ካንሰር ገና ሲጀምር ይገኛል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚመጣው መዋጥ ሲያቅተው ወይም የሚበላው ሁሉ ሲመለስ ነው። የልዩነቱ ዋና ምንጭ ይህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሕክምናው ምንድን ነው? አገር ውስጥስ አለ?

መልስ፦ በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ያለ ትንሽ ካንሰር ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኢንዶስኮፒው በራሱ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ጠለቅ ካለ መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ጨጓራው በከፊል ወይም በሙሉ ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉ የሊምፍ እጢዎችም አብረው ይለቀማሉ። ቢያንስ 16 እጢ መመርመር አለበት ይባላል፤ ካነሰ ደረጃውን በትክክል ማወቅ ይቸግራል።

ግድግዳውን ዘልቆ ለሄደ፣ ግን ገና ላልተሠራጨ ካንሰር ኬሞ ከቀዶው በፊትና በኋላ ይሰጣል። «ፍሎት» የሚባለው አራት መድኃኒት ያለው ኬሞ በየ2 ሳምንቱ፣ 4 ጊዜ በፊት፣ 4 ጊዜ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የጀርመን ጥናት ይህን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ50 ወር በላይ ኖረዋል፤ በቀድሞው ኬሞ 35 ወር ነበር። ጠንከር ያለ ስለሆነ አቅም ይጠይቃል። ከቀዶው በፊት «ቶሎ ቆርጣችሁ አውጡልኝ» የሚል ታማሚ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ኬሞ ማግኘት ግን ጊዜ ማባከን አይደለም።

ለተሠራጨው ኬሞ ዕድሜ ይጨምራል፣ ሥቃይ ይቀንሳል እንጂ አያድንም። ናሙናው ላይ «ሄር 2» የሚባለው ምልክት ከተገኘ፣ ከ5 ሰው በአንዱ ገደማ ይገኛል፣ በዚሁ ምልክት ላይ የሚሠራው ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ካንሰሩ መውጫውን ከዘጋው ቱቦ ይገባል ወይም መተላለፊያ ይሠራል። ለሕመሙ ሞርፊን አለ። «ሱስ ይሆንበታል» ብላችሁ አትከልክሉ።

ቀዶውና ኬሞው አገር ውስጥ ይሰጣሉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙዎች የመጨረሻው መድረሻ ነው። ወረፋ አለ፤ መድኃኒትም አንዳንዴ ይጠፋል። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ደግሞ ዋጋቸው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ቤት ሸጣችሁ ወደ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት ግን እዚያ የሚሰጠው ሕክምና እዚህ ካለው በምን እንደሚለይ በግልጽ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ እናቴን ጠበል ልንወስዳት ነው። ቅጠላቅጠልም የሚሰጥ ሰው አግኝተናል።

መልስ፦ ጠበሉን ውሰዷት፤ ጸሎት የሕክምና ጠላት ሆኖ አያውቅም። የኬሞው ቀን ግን አይለፋት። ቅጠሉን ግን እባካችሁ ተዉት። ካንሰሩን የሚያጠፋ ቅጠል እስካሁን አልተገኘም፤ ጉበትና ኩላሊት የሚጎዳ ግን አለ። ጉበቷ ከተጎዳ ኬሞውም ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ ጨጓራዬ በሙሉ ወጥቷል። እንዴት ልብላ? ዐቢይ ጾምስ?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ያለ ጨጓራ መኖር ይቻላል፤ ማጠራቀሚያው ስለሌለ ግን በቀን 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ብይ። ከሩብ እንጀራ ጀምሪ፤ በደንብ አላምጪ። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሃል ጠጪ። ጣፋጭ ነገር ከበላሽ በኋላ ላብ፣ የልብ ምትና ማዞር ከመጣብሽ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለወረደ ነው፤ ስኳሩን ቀንሺ፣ እንቁላልና ሥጋ ጨምሪ። የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ዕድሜ ልክሽን ያስፈልግሻል። ጉበት ለጥቂት ዓመታት የሚሆን ስለሚያስቀምጥ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማሽ ይችላል፤ በዚህ ተዘናግተሽ አትተዪው።

ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ለአንቺ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እናታችን በዚህ በሽታ አረፈች። እኛ ልጆቿስ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። ሁላችሁም ለፓይሎሪ ተመርመሩ፤ ካለ ታከሙ። በቤተሰቡ ሁለት ሦስት ሰው ከታመመ ወይም በወጣትነት ከያዘ በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የዘር ምርመራ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ልጄ፣ ሐሙስ ውጤቴን ሊነግሩኝ ቀጥረውኛል። ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ አባቴ፣ ብቻዎን አይሂዱ። የሚጽፍ ሰው ይዘው ይግቡ፤ ሰው በደነገጠ ጊዜ የሰማውን ግማሹን ይረሳል። ዓይነቱ ምንድን ነው? የት ደርሷል? ሲቲ ይቀረኛል ወይ? ሕክምናው ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ? ኬሞው ቀድሞ ነው ወይስ ቀዶው? ሄር 2 ታይቷል? ይህን ይጠይቁ። የፓቶሎጂውን ወረቀት ቅጂ ይውሰዱ። ናሙናዎ በሰም ተደርጎ የተቀመጠበት ትንሽ ብሎክ አለ፤ የት እንዳለ ይጠይቁና አብሮዎት የገባው ሰው ይጻፈው። ሌላ ሆስፒታል ቢላኩ በዚያው ብሎክ ተጨማሪ ምርመራ ይሠራል፤ ቱቦውን እንደገና መዋጥ ላያስፈልግዎ ይችላል።