ያልመጣ መኪና በትርፍ መሸጥ ይቻላል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ጋር ተዋውሎ የኤሌክትሪክ መኪና አዟል። ግማሹን ዋጋ ከፍሏል፣ መኪናው ገና አልገባም። አሁን አንድ የደሴ ነጋዴ "400 ሺህ ብር ትርፍ ልስጥህና ወረፋህን ልቀቅልኝ" ብሎታል፤ 200 ሺህ ቀብድ ዛሬውኑ ሊያስይዝ። ደላላው ደግሞ "ሲመጣ በስምህ አውጥተህ ውክልና ትሰጠዋለህ፣ አለቀ" ይላል። "ወንጀል ይሆንብኛል? ትርፉ በዛ ተብሎስ ውሉ ይፈርሳል?" ነው ጥያቄው።

አብሽር ወንድሜ፣ አትርፎ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ይህን መኪና የማይፈልግ ማን አለ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1710 ውል አንዱን ወገን በጣም ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። የሚፈርሰው የሌላውን ችግር፣ የዋህነት ወይም የንግድ ልምድ ማጣት ተጠቅመህ ካስፈረምከው ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ሲነግድ የኖረ ሰው ደግሞ "ንግድ አላውቅም ነበር" ቢል ዳኛውም ፈገግ ይላል።

ችግሩ ሌላ ነው። አንተ አሁን መኪና የለህም። ያለህ "መኪናዬን አምጣ" የማለት መብት ነው። ይህን መብት በቁጥር 1962 መሠረት አስመጪውን ሳታስፈቅድ ለሌላ ማስተላለፍ ትችላለህ፣ ሕግ ወይም ውልህ ካልከለከለ። ስለዚህ ያንን ሳታነብ የፈረምከውን ወረቀት አውጣና "ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም" የሚል መስመር እንዳለው እይ። ባይኖረውም ቀሪው ግማሽ ዋጋ አለ፤ እሱ ዕዳ ነው፣ ዕዳ ደግሞ ያለ ባለገንዘቡ ፈቃድ ከጫንቃህ አይወርድም። ነጋዴው ባይከፍል አስመጪው የሚያንኳኳው ያንተን በር ነው። የሚሻለው ሦስታችሁም የምትፈርሙበት ውል ነው፣ አስመጪው እምቢ ካለ ግን መኪናው ገብቶ ሊብሬው በስምህ እስኪወጣ ጠብቅና ያኔ ሽጥ።

ቀብዱን እንዲሁ አትቀበል። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የተቀበልከው 200 ሺህ ሲሆን የምትመልሰው 400 ሺህ ነው፣ ልክ የጓጓህለትን ትርፍ ያህል። መኪናው ዘግይቶ ነጋዴው ቢከስህ "አስመጪው ነው ያጓተተው" ማለት ብቻ ላያድንህ ይችላል፣ ከነጋዴው ጋር የተዋዋልከው አንተ ነህ። ገንዘቡን መቀበልህ ካልቀረ "ቀብድ" ሳይሆን "ቅድመ ክፍያ" ተብሎ ይጻፍ፤ መኪናው ካልመጣ የተቀበልከውን ብቻ እንደምትመልስም በግልጽ ይስፈር።

የደላላው ውክልና ነገር እኔን ያስፈራኛል። እሱ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሲሄድ ስምህ ሊብሬው ላይ ይቀራል። ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ሐርቡ ላይ ሰው ቢገጭ ወይም ሐይቅ መንገድ ላይ አጥር ቢያፈርስ፣ መጥሪያው ላንተ ነው የሚደርሰው፤ "ሸጬዋለሁ" ብትል "ታዲያ ስሙ ለምን አልዞረም?" ትባላለህ። ለገዢውም ቢሆን አያዋጣም። ውክልና በፈለግክ ቀን ይሻራል፣ ወካዩ ከሞተም ያበቃል፤ ያኔ ነጋዴው ከወራሾችህ ጋር ፍርድ ቤት ሊመላለስ ነው። ይህን ብትነግረው እሱ ራሱ ስም ይዙር የሚል ይመስለኛል። የሽያጩ ውል በውልና ማስረጃ ይጽደቅ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ይጻፍበት፣ የስም ዝውውሩን ወጪ ማን እንደሚችልም ይለይ።

መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ቀረጥ ሳይከፈል አይተላለፍም፣ አስመጪውን ጠይቀው። አንዴ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ እያዘዙ እየሸጡ መቀጠል ግን ንግድ ነው፣ ፈቃድና ግብር ይከተለዋል።

ለጊዜው ነጋዴውን "ሳምንት ስጠኝ" በለው። ለአስመጪው ዝውውር ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀህ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል፣ የስልክ እሺታ ፍርድ ቤት ስትቀርብ አይጠቅምህም። ደላላው ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።