ጥያቄና መልስ፦ የትኛው «ነጻ»?

ጦሳ ጉም ሲለብስ የደሴ ወጣት ከኮምፒውተር ፊት አይነሳም። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች በርከት ያሉት በነጻ ስለሚገኙ የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ውል ናቸውና፣ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

«ጋሼ፣ ዩኒቲም አንሪልም ጎዶትም በነጻ ይወርዳሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ውላቸውን ከፍቼ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

አይፈረድብህም፤ እኔም አንዱን ለመጨረስ ሦስት ቀን ወስዶብኛል። ችግሩ ያለው «ነጻ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። «በነጻ ሰጠኝ» ስንል ዋጋ አልጠየቀኝም ማለታችን ነው፤ «ነጻ ወጣ» ስንል ደግሞ ጌታ የለበትም ማለታችን ነው። ዩኒቲና አንሪል በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነጻ ናቸው፤ ባለቤት አላቸው፤ ደንቡንም የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ጎዶት በሁለቱም ትርጉም ነጻ ነው። ኤም.አይ.ቲ. የተባለው ፈቃዱ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፦ ቀይረው፣ ሽጠው፣ ብቻ የባለመብቶቹን ማስታወሻና የፈቃዱን ጽሑፍ ከጌምህ ጋር አኑር ይላል። ይህችን አንዲት ግዴታ ብዙዎች ይረሷታል። የምስጋና ገጽ ላይ ብታስገባት ይበቃል።

ዩኒቲ በነጻ የሚሰጠው ደረጃ ፐርሰናል ይባላል። ወሰኑ ባለፉት 12 ወራት የተገኘ 200 ሺህ ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ያገኘ የሚከፈልበትን ደረጃ ይይዛል። ወሰኑ ቀድሞ 100 ሺህ ነበር። ልብ በል፦ ድርጅት ካቋቋምክ የሚቆጠረው የሽያጭ ገቢህ ብቻ አይደለም፤ ያገኘኸው የገንዘብ ድጋፍም ይደመራል። «ገና አልሸጥኩም» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

«አንሪል ከገቢ 5 በመቶ ይወስዳል ይባላል። ገቢ የሚባለው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው አይደለም እንዴ? የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ።» (ከኮምቦልቻ)

መምህርሽ ትርፍ የሚለውን ነው የምትገልጪው። ውሉ የሚናገረው ስለ ጥቅል ገቢ ነው። ገበሬና ባለመሬት እኩል ሲያርሱ የክርክሩ ሥር ምን እንደሆነ የወሎ ልጅ አይጠፋሽም፦ ክፍፍሉ አውድማ ላይ ነው ወይስ ዘሩና የበሬው ኪራይ ከተነሣ በኋላ? በአንሪል ውል ክፍፍሉ አውድማ ላይ ነው። ጌምሽ በ10 ዶላር ቢሸጥና መደብሩ 3 ዶላሩን ቢያስቀር እጅሽ የሚገባው 7 ነው፤ 5 በመቶው የሚሰላው ግን ከ10ሩ ነው።

ሆኖም አትደንግጪ። ከእያንዳንዱ ጌም የሚገኘው የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ዶላር ከሮያሊቲ፣ ማለትም ለባለቤቱ ከሚከፈለው ከዚህ ድርሻ፣ ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ከዚያ በላይ ካለው ብቻ ነው። 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር ያስገባ ጌም የሚከፍለው የ200 ሺውን 5 በመቶ፣ ማለትም 10 ሺህ ዶላር ነው እንጂ የጠቅላላውን 60 ሺህ አይደለም። ይህን ያህል የሸጠ የኮምቦልቻ ልጅ ካለ በግ አርደን እንቀበለዋለን።

«ጌሜን አልሸጥም፤ ማስታወቂያ ብቻ ነው የማስገባበት። ታዲያ ይህ ንግድ ነው?» (ከደሴ)

አዎ። ጌምሜከር የተባለው ሌላ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ ነው፤ ገንዘብ ማግኘት ስትጀምር ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ይጠይቃል። በማስታወቂያ የመጣ ብርም ብር ነው።

«ዩኒቲ አንድ ጊዜ ውሉን በመሀል ቀይሮ ነበር ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» (ከኮምቦልቻ)

እውነት ነው፤ ቀኑን የማልረሳው በእኛ አቆጣጠር የ2016 እንቁጣጣሽ ዕለት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2023 ኩባንያው ከሚቀጥለው ጥር ጀምሮ የተወሰነ ገደብ ያለፈ ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ፤ በዝቅተኛው ደረጃ ላሉት ክፍያው 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ቀድመው የወጡ ጌሞችም አልቀረላቸውም። ዓለም ተነሣበት፤ በወሩ ዋና ሥራ አስኪያጁ ለቀቁ፤ ልክ በዓመቱ ክፍያው ጨርሶ ተሰረዘ።

ለእንዲህ ያለ ለውጥ በር የምትከፍተው «ከጊዜ ወደ ጊዜ ልናሻሽለው እንችላለን» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። አብዛኞቹ ውሎች ውስጥ ተደብቃ አለች። ስለዚህ ሥራህን የጀመርክበትን ቀን ውል አውርደህ፣ የፕሮግራሙን የስሪት ቁጥር ጽፈህ፣ ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር አስቀምጥ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ውሉ መሀል ላይ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጮኸው ለምንድን ነው? የተቆጡ መሰለኝ።» (ከደሴ)

አልተቆጡም። የአሜሪካ የንግድ ሕግ «ዋስትና አንሰጥም» የሚለው አንቀጽ ጎልቶ መታየት አለበት ስለሚል ነው። ትርጉሙን ፒያሳ ያሉ ሱቆች ደረሰኝ ላይ ታገኘዋለህ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

«በኒያላ ፎንት የአማርኛ ጌም ሠርቻለሁ። ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የመጣ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?» (ከደሴ፣ ሆጤ)

አለው፤ እኔም ተነክሼበታለሁ። በኮምፒውተርሽ ላይ መጻፍ ሌላ፣ የፎንቱን ፋይል ጌም ውስጥ ከትቶ ማከፋፈል ሌላ ነው። ለአንድ ደንበኛ የሠራሁትን ሥራ በማስረከቢያው ዋዜማ ፎንቱን መቀየር ግድ ሆነብኝ። አዲሱ ፊደል ሰፋ ይል ስለነበር ጽሑፉ ሁሉ ከቦታው ፈለሰ፤ «እንደገና ጀምር» የሚለው ቁልፍ «እንደገና ጀም» ብሎ ቀረ። ሌሊቱን ሙሉ ቁልፍ ሳሰፋ አደርኩ።

አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ውሰጂ። ፈቃዳቸው ጌም ውስጥ ከትተሽ መሸጥን ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ነው። የፈቃዱን ጽሑፍ ማያያዝ እንዳትረሺ። አሁኑኑ ቀይሪው፤ ቁልፎቹ ሳይበዙ።

«አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የደኅንነት ማሠልጠኛ ጌም እንድሠራለት ጠየቀኝ። የእኔ ገቢ ትንሽ ስለሆነ በዩኒቲ ፐርሰናል ልሥራው?» (ከኮምቦልቻ)

ቸኩለህ እሺ አትበል። በዩኒቲ ውል ለሌላ ሰው ስትሠራ የደንበኛህም የገንዘብ አቅም ይታያል። የፋብሪካው ገቢ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ከሆነ ፐርሰናሉ አይበቃህም፤ የሚከፈልበትን ደረጃ ዋጋ ከሥራው ዋጋ ጋር ደምረህ ጠይቅ፤ አለዚያ በጎዶት ሥራው። «አንተ» የምትለዋ ቃል ውሉ መግቢያ ላይ ካለው የትርጉም ክፍል ውስጥ ማንን እንደምታጠቃልል ፈልግ። እኔ ማንኛውንም ውል ከዚያ ነው የምጀምረው።

«ልጄ 15 ዓመቱ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ የሚወረድበት ጌም እሠራለሁ ብሎ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነ። ዕዳ ይመጣብኝ ይሆን?» (አንድ አባት፣ ከደሴ)

አይስጉ። በሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚዋዋለው በአሳዳጊው በኩል ነው፤ ብዙዎቹ ውሎችም ራሳቸው የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የባንክ ካርድ አለመያያዙን ብቻ ያረጋግጡ፤ የተመዘገበበትን አካውንትም ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው በእርስዎ ስም ያስተካክሉት። ጌሙ ሲያልቅ ግን ይላኩልኝ፤ ሐረጎን ፍሬን ሳልይዝ የምወርድበት ሌላ ዕድል የለኝም።